በረኪናው ከመፍሰሱ በፊት

ለልጃቸው ማቆያ የሚፈልጉ ወላጆች ግቢ ሲገቡ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀበላቸው የበረኪና ሽታ ነው። ሽታው ከበረታ «ቤቱ ንጹሕ ነው» ብለው ልባቸው ያርፋል። የማቆያው አስተዳዳሪም ይህን ስለምታውቅ ወላጆች ከመድረሳቸው በፊት መጸዳጃ ቤቱ ላይ በረኪና እንዲፈስ ታደርጋለች። ሁለቱም ለልጆቹ አስበው ነው። ሽታው ግን የሚናገረው በረኪና መፍሰሱን ብቻ ነው፤ የተቅማጥ ጀርም ሞቶ እንደሆነ አይናገርም። ቆሻሻው ሳይታጠብ የፈሰሰ በረኪና፣ ፈስሶም ወዲያው በውሃ የተለቀለቀ በረኪና አፍንጫ ከማቃጠል ያለፈ ሥራ ላይሠራ ይችላል። የጋራ መጸዳጃ ቤትን ለሕፃናት ደህና የሚያደርገው ሥራው በትክክለኛ ቅደም ተከተል መሠራቱና ለእያንዳንዱ እርምጃ በቂ ጊዜ መሰጠቱ ነው። መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ጉዳዩ ብዙ ቤት ይነካል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ታገኛለች። ከዚያ በኋላ አያት ወይም ሞግዚት የሌለበት ቤት ማቆያ መፈለጉ አይቀርም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የግል ማቆያዎች ግን ብዙዎቹ የመኖሪያ ቤት ተከራይተው የሚሠሩ ናቸው። ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ የተሠራ አንድ ወይም ሁለት መጸዳጃ ቤት ሃያ ሠላሳ ልጅ ይመላለስበታል።

ልጅ ደግሞ መጸዳጃ ቤት አገባቡ እንደ አዋቂ አይደለም። መቀመጫው ስለሚሰፋው እንዳይወድቅ ግራና ቀኙን በሁለት እጁ ጨብጦ ይቀመጣል። ግድግዳውን ይደገፋል፣ ክዳኑን ይነካካል፣ ውሃ መልቀቂያው ስለሚያስደስተው ደጋግሞ ይጫነዋል። ሲጠርግም በደንብ አይጠርግም። ወጥቶ በዚያው እጁ ብስኩት ይይዛል ወይም ጣቱን ይጠባል። ከዓይነ ምድር ወደ አፍ ለሚሻገሩ በሽታዎች ከዚህ ያጠረ መንገድ የለም።

ለመታመም የሚበቃው መጠንም እጅግ ትንሽ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የተባለ ባክቴሪያ ከ10 እስከ 100 ያህል ብቻ ወደ ሆድ ቢገባ ሊያሳምም ይችላል። ማስመለስና ተቅማጥ የሚያስከትለው ኖሮቫይረስም ጥቂት አሥርታት ቅንጣቶች ይበቁታል፤ ልጁ ከዳነ በኋላም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በዓይነ ምድሩ ሊወጣ ይችላል። ለሮታቫይረስ ኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ክትባት ትሰጣለች። ክትባቱ ከባድ ሕመምን ይቀንሳል እንጂ ቫይረሱን ከበር እጀታ ላይ አይጠርግም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ኤ ደግሞ ከ6 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ያልፋል፤ ልጁ ደህና ሆኖ እየተጫወተ ቫይረሱን ያዛምታል። ስለዚህ «ዛሬ የታመመ ልጅ የለንም» የሚለው ጽዳቱን ቀለል ለማድረግ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሲጸዳ ዓይን የሚያርፈው ገንዳው ላይ ነው፤ ቆሻሻው የሚታየው እዚያ ነውና። የልጅ እጅ የሚያርፈው ግን መቀመጫው ላይ፣ ውሃ መልቀቂያው ላይ፣ የቧንቧው መክፈቻ ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይና የመብራት ማብሪያው ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በብዙ ቤቶች ጭራሽ አይጸዱም። ከገንዳውም የሚነሳ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ቻርለስ ገርባና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ውሃ ሲለቀቅ ጥቃቅን ጠብታዎች ጀርም ይዘው ተነስተው በክፍሉ ውስጥ እንደሚያርፉ አሳይቷል። ገርባ ራሱ የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ክዳኑን ዘግቶ ውሃ መልቀቅ ብቻውን የቫይረስን መዛመት እንደማያስቀር፣ ገንዳውን በጀርም ማጥፊያ ማጽዳት ግን በእጅጉ እንደሚቀንሰው አመልክቷል። ክዳን መዝጋት መልካም ልማድ ነው፤ የጽዳትን ቦታ ግን አይተካም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። መጀመሪያ መስኮትና በር ይከፈታል፣ ልጆች ከአካባቢው ይርቃሉ፣ ጓንት ይጠለቃል። ከዚያ የሚታየው ቆሻሻ ሁሉ በውሃና በሳሙና ይታጠባል። ኦሞም ይሁን ላርጎ ልዩነት የለውም፤ ዋናው መፈግፈጉ ነው። የሚጀመረው ንጹሕ ከሚባለው ነው፦ ከእጀታው፣ ከማብሪያው፣ ከመታጠቢያው፤ ቀጥሎ ክዳኑና መቀመጫው ከላይም ከሥርም፣ ከዚያ ገንዳው፣ በመጨረሻም ወለሉ ከጥግ ወደ በር። ገንዳውን የጠረገ ጨርቅ ተመልሶ እጀታ የሚነካ ከሆነ ጀርሙን ከነበረበት አንስቶ ልጅ ወደሚጨብጠው ቦታ ማመላለስ ይሆናል። ከታጠበ በኋላ ሳሙናው በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። በረኪና ተራው የሚደርሰው ገና አሁን ነው።

ይህን ያህል ቅደም ተከተሉን የማጠብቀው በምክንያት ነው። በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የሚሠራው ከሚያገኘው ነገር ጋር በመዋሃድ ስለሆነ ጀርም ብሎ አይመርጥም። ዓይነ ምድር ካገኘ ዓይነ ምድሩ ላይ ያልቃል፤ ጀርሙ ከቆሻሻው ሥር ተሸሽጎ ይተርፋል። ያልታጠበ ድስት ላይ ወጥ እንደ መሥራት ነው፤ ቅመሙ ቢበዛ የታችኛውን አያድነውም። በዚያ ላይ በረኪና በቀላሉ የማይደፍራቸው ጀርሞች አሉ። የወስፋት እንቁላል ጠንካራ ሽፋን ስላለው ለክሎሪን እጅ አይሰጥም፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው የተቅማጥ ጥገኛ ተሕዋስም እንዲሁ፤ ጃርዲያም ከባክቴሪያዎች ይበልጥ ይቋቋማል። እነዚህን ከቦታቸው የሚያስለቅቃቸው ብሩሽ፣ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው። ፍግፈጋውን ትቶ በረኪና የሚጨምር ሰው በረኪናውን ማባከኑ ብቻ አይደለም፣ ከባዶቹን ጀርሞችም ባሉበት ይተዋቸዋል።

ስንት በረኪና በስንት ውሃ? እዚህ ላይ «በግምት» የሚለው አሠራር መቅረት አለበት። መጀመሪያ የጠርሙሱ ጽሑፍ ይነበባል፤ ጥንካሬው ከምርት ምርት ይለያያልና። 5 ከመቶ የሚል ከሆነ ለዕለት ተዕለት የመጸዳጃ ቤት ጽዳት በአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና ይበቃል። ይህ 0.1 ከመቶ ውህድ ይሆናል። ለ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ጽሑፉ 2.5 ከመቶ የሚል ከሆነ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ትውከት ወይም ተቅማጥ የፈሰሰበት ቦታ ግን ከታጠበ በኋላ ጠንከር ያለ ውህድ ይፈልጋል፤ አንድ እጅ 5 ከመቶ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ። የጤና ተቋም ሠራተኞች ይህን 0.5 ከመቶ ውህድ በደንብ ያውቁታል። መለኪያው ቁጥር የተጻፈበት ጆግ ወይም ኩባያ ይሁን፤ ለዚህ ብቻ ይመደብ፣ ወጥ ቤት አይግባ።

ውሃው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። «ሙቅ ውሃ ይበልጥ ያጸዳል» የሚለው ለሳሙና እውነት ነው፤ በረኪናን ግን ሙቀት ያደክመዋል፣ ጭሱንም ያበዛዋል። ፀሐይም ያደክመዋል። ስለዚህ የሚበጠበጠው ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ነው፤ የተረፈው ለነገ አይቀመጥም። ከሳምንት በፊት የተበጠበጠ ባልዲ ሽታው ቢኖርም ጉልበቱ አይታመንም።

ከሁሉ ይበልጥ የምሰጋበት ግን የሃይላንዱ ነገር ነው። በረኪና ከትልቁ ጀሪካን ወደ ባዶ የውሃ ጠርሙስ እየተገለበጠ ምንም ሳይጻፍበት መጸዳጃ ቤት ጥግ ሲቀመጥ በየቤቱ እናያለን። የሦስት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ። በተለይ ከጨዋታ ሮጦ የመጣ የተጠማ ልጅ አንዴ ተጎንጭቶ ነው የሚነቃው። በረኪና በራሱ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ የሚቆለፍ ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የተበጠበጠውም ቢሆን በምን ቀንና በምን መጠን እንደተዘጋጀ ይጻፍበት። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፤ ሲወጣ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጥቦ፣ ጠርሙሱን ይዞ፣ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

መደባለቅም ሌላው አደጋ ነው። ገንዳው ላይ የተጋገረውን ለማስለቀቅ የሽንት ቤት አሲድ፣ ለነጭነቱ ደግሞ በረኪና አንድ ላይ የሚያፈሱ አሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሳንባ ይጎዳል። አቼቶም ሎሚም አሲድ ስለሆኑ ከዚሁ ይቆጠራሉ። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ከበረኪና ጋር መርዛማ ጭስ ይፈጥራል፤ አድሮ የቆየ ሽንት ላይ በረኪና ሲፈስ ዓይን የሚያስለቅሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሽንቱ መጀመሪያ በውሃ ይለቀቅ። አሲድ ያስፈለገ ቀን አሲዱ ብቻ ይሠራ፣ በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ በረኪናው ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ውህዱ ከተቀባ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ቦታው ቢያንስ ለ5 ደቂቃ፣ ቢቻል ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። እየቀቡ ወዲያው መወልወል በረኪናውን ሥራ ሳይጀምር ማንሳት ነው። ጊዜው ሲሞላ ልጅ የሚቀመጥበትና የሚጨብጠው ሁሉ በንጹሕ ውሃ ተጠርጎ ይደርቃል፤ በረኪና ቆዳ ያሳክካል፣ ብረትም ይበላል። በመርጫ ከመንፋት ይልቅ በጨርቅ መቀባት ይመረጣል፤ በአየር ላይ የሚበተነው ጭጋግ አስም ያለባቸውን ልጆች፣ ከእነርሱም በላይ በየቀኑ የምትተነፍሰውን የጽዳት ሠራተኛ ይጎዳል።

ይህ ሁሉ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ልጆች ከሄዱ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቶ ክፍሉ ተናፍሶ ያድራል። መቀመጫው፣ መልቀቂያውና እጀታዎቹ ግን በመሃልም ይጠረጋሉ፤ ቆሽሾ የታየ ነገር ደግሞ ሰዓት አይጠብቅም።

ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት መቀመጫ ስለሌለው እጅ የሚነካው ያንሳል፤ ሸክሙ ወደ ወለሉና ወደ ጫማው ይዞራል። ትንንሾቹ ሚዛን ስለማይጠብቁ መሬቱን ይደገፋሉ። እንዲህ ያለ ቤት ለመጸዳጃ ብቻ የሚለበስ ነጠላ ጫማ በር ላይ ቢኖረው፣ ጫማውም ከወለሉ ጋር ቢታጠብ፣ ልጁ የሚይዘው የግድግዳ መያዣ ቢሠራለት ብዙ ይጠቅማል። ጉድጓድ ሽንት ቤት ከሆነ በረኪናን ወደ ጉድጓዱ ማፍሰስ ትርፍ የለውም፤ እዚያ ያለው ቆሻሻ ወዲያው ይውጠዋል። የሚታጠበው የሚቆምበት ወለል ነው። ለሽታውና ለዝንቡ ክዳንና አመድ ይረዳሉ።

ፖፖ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ማቆያ የጤና መመዘኛዎች ማቆያዎች ፖፖ ባይጠቀሙ ይመክራሉ፤ ትንሽ መቀመጫና መረማመጃ ተደርጎ ልጁ ትልቁን እንዲለምድ። በእኛ ማቆያዎች ፖፖ መተው ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ለሃያ ልጅ አንድ መጸዳጃ ቤት ባለበት ቤት ፖፖ ባይኖር ወረፋው ሱሪ ያስረጥባል። ካለ ግን አንዱ ልጅ ተነስቶ ሌላው የሚቀመጥበት መሆን የለበትም። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ያለው ወደ መጸዳጃ ገንዳው ይደፋል፣ በሳሙና ይፈገፈጋል፣ በረኪና ተቀብቶ ይቆያል፣ ተለቅልቆ ተደፍቶ ይደርቃል። ልጆች እጃቸውን በሚታጠቡበት ሲንክ፣ ይባስ ብሎም ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ ፖፖ ማለቅለቅ ሙሉውን ቀን የተደከመበትን ጽዳት ያፈርሰዋል። የእንጨትና የጨርቅ መቀመጫ ያላቸው ፖፖዎች እርጥበት ስለሚመጥጡ ጀርማቸው በደንብ አይጠፋም፤ ለስላሳ፣ ስንጥቅ የሌለው ፕላስቲክ ይሻላል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ሁሉ ማዘዝ ለተናጋሪ እንደሚቀል አውቃለሁ። ሮቶ ያለው ማቆያ እንኳ ፈረቃው ሲረዝም ይጨነቃል። ውሃ ሲያጥር ቅድሚያው ለእጅ መታጠቢያ ነው። በሕፃናት ማቆያዎች የተደረጉ ጥናቶችን የገመገመው የኮክሬን ትንተና እጅ መታጠብን ማስለመድ የተቅማጥ ጊዜያትን በ30 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ያን ያህል ውጤት በትንሽ ውሃ የሚሰጥ ሌላ ሥራ አላውቅም። ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ወይም ጀሪካን በልጆች ቁመት ይቀመጥ፤ ውሃው ይፍሰስ እንጂ አይጠራቀም። ሁሉም ልጅ በአንድ ሳፋ እጁን እየነከረ በአንድ ፎጣ የሚያደርቅበት ልማድ ከአለመታጠብ አይሻልም። ሳኒታይዘርም ሳሙናን አይተካም፤ የቆሸሸ እጅ ላይ አይሠራም፣ ኖሮቫይረስን ደግሞ በደንብ አይገድልም። ከእጅ መታጠቢያው በተረፈው ውሃ ቀጥሎ ልጅ የሚነካቸው ቦታዎች ይጸዳሉ፤ ወለሉ ይቆይ። የልብስ እጣቢ ውሃ ለገንዳ መልቀቂያ ይሆናል።

ልጅ ካስመለሰ ወይም ተቅማጡ ከፈሰሰ ሌሎቹ ልጆች ወዲያው ከክፍሉ ይወጣሉ። የወደቀው በሰጋቱራ፣ በጋዜጣ ወይም በሶፍት ተሸፍኖ ይታፈሳል፣ በፌስታል ታስሮ ይጣላል። መጥረጊያ አይነካው፤ መጥረጊያ ይበትነዋል፣ እሱም ተበክሎ ሌላ ክፍል ይዞት ይሄዳል። ቀጥሎ በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ ጠንካራው ውህድ። የትውከት ፍንጣሪ ዓይን ከሚያየው በላይ ርቆ ስለሚሄድ ዙሪያው ሰፋ ተደርጎ ይጠረጋል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ልጁ ማስመለሱም ተቅማጡም ካቆመ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ማቆያ እንዳይመለስ ይላል። ፈቃድ የማታገኝ እናት ይህን መስማት ይከብዳታል፤ የልጇን ሕመም ደብቃ ብታመጣው ከጨካኝነት አይደለም። ማቆያዎች ደንቡን በምዝገባ ቀን ቢነግሩ፣ መሥሪያ ቤቶችም ለታመመ ልጅ ሁለት ቀን መፍቀድን እንደ ውለታ ባያዩት ደብቆ ማምጣቱ ይቀንስ ነበር።

የምታጸዳዋን ሴት ሳናነሳ ጽሑፉ አይሞላም። በትንንሽ ማቆያዎች መጸዳጃ ቤት የምታጥበው፣ ዳይፐር የምትቀይረውና ምሳ የምታበላው አንዲት ሰው ትሆናለች። ሰው መጨመር ካልተቻለ ሥራዎቹ በሰዓት ይለዩ፦ መጸዳጃ ቤቱ ከምግብ በኋላ እንጂ ከምግብ በፊት አይታጠብ፣ ሽርጧ ይቀየር፣ ጓንት ከወለቀ በኋላም እጇ በሳሙና ይታጠብ። የመጸዳጃ ቤቱ ጨርቅ፣ ባልዲና መወልወያ ቀለማቸው የተለየ ይሁን፤ ማንበብ የማትችል ሠራተኛም ቀዩ ጨርቅ ወጥ ቤት እንደማይገባ ታውቃለች። ጓንትና ሳሙና ከደመወዟ የምትገዛው መሆን የለበትም። ለምን በዚህ ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ቁጭ ተብሎ ይነገራት፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ማንም ሳያየውም አምስቱን ደቂቃ ይጠብቃል።

ወላጆች ማቆያ ሲመርጡ መጸዳጃ ቤቱን ለማየት አይፈሩ። ሳሙናው ልጅ የሚደርስበት ቦታ ነው? ልጆች በምን ያደርቃሉ? በረኪናው የት ይቀመጣል? ፖፖው የት ይታጠባል? እነዚህን አራቱን መጠየቅ ሽታ ከማሽተት ይበልጥ ይነግራቸዋል። ለማቆያ ባለቤቶች ደግሞ ሒሳቡም ይረዳል። በቀን 10 ሊትር የሚበጠብጥ ማቆያ በአምስት የሥራ ቀን የሚጨርሰው 1 ሊትር በረኪና ነው። በየጠዋቱ አንድ ሊትር ሳይበጠበጥ የሚያፈስ ቤት የዚህን አምስት እጥፍ ያወጣል፤ በሚተርፈው ብር የሳምንቱ ሳሙና፣ ጓንትና ሶፍት ይገዛል።